ትናንት «ኤፍ» የነበረው ሃርድ ዲስክ ዛሬ ለምን «ጂ» ሆነ?

ጓደኛዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ራሱ ደንግጧል። እሁድ ጠዋት ለሙሽሮቹ የሚያስረክበው ሥራ አለ። ፕሮጀክቱን ሲከፍተው ግን ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነበት። «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። ሦስት ቀን የቆረጠው፣ የቀጠለው፣ ሙዚቃ ያስገባበት ሥራ የት እንደገባ አይታወቅም። «ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ፤ አለቀልኝ» አለኝ።

ሃርድ ዲስኩ አልተቃጠለም ነበር። አንድም ፋይል አልጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ለተሰካ ዲስክ ሁሉ አንድ የላቲን ፊደል ይሰጠዋል፤ በዚያ ፊደል ይጠራዋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ፎቶ ሊወስድ መጥቶ ፍላሹን ሰካ። በዚያን ሰዓት የጓደኛዬ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካው ሃርድ ዲስክ) ተነቅሎ ስለነበር ፍላሹ «ኤፍ» የሚለውን ፊደል ያዘ። ኤክስተርናሉ ተመልሶ ሲሰካ «ኤፍ» ተይዟል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ጂ» ብሎ አስገባው። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ግን ቪዲዮዎቹን የሚፈልገው «ኤፍ» ላይ ነው። እዚያ ሲሄድ የሰው ፍላሽ አገኘ።

ፍላሹን ነቅለን ፊደሉን መለስነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰውዬው ግን ያን ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈው እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ የሚመጣው አንድ ቀላል ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላስረዳን ነው። ስለዚህ ዛሬ እሱን ላስረዳ።

ፊደሉ የሃርድ ዲስኩ ስም አይደለም እንዴ?

አይደለም። ወረፋ ቁጥር ነው።

ባንክ ስትገቡ ከማሽኑ ቁጥር ትቆርጣላችሁ። ዛሬ 14 ናችሁ። ነገ 51 ልትሆኑ ትችላላችሁ። እናንተ ያው ናችሁ፤ የተቀየረው ማን ቀድሟችሁ እንደገባ ነው። ቁጥሩ ለዚያች ሰዓት፣ ለዚያ ባንክ ብቻ ይሠራል። ሌላ ባንክ ሄዳችሁ «እኔ 14 ነኝ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

«ኤፍ»፣ «ጂ» የሚሉት ፊደላትም እንደዚያው ናቸው። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ፊደሉ የሚጻፈው ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እናንተ ያወጣችሁለት ስም ግን፣ ለምሳሌ «ሠርግ» ወይም «ባክአፕ» ያላችሁት፣ የሚጻፈው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ስለዚህ ስሙ ከዲስኩ ጋር ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ኢንተርኔት ካፌ ይዞራል። ፊደሉ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀራል።

ለመሆኑ ለምን ከ«ሲ» ይጀምራል?

ይህ የቆየ ታሪክ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ፒሲ ሲወጣ ፋይል የሚቀመጠው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ማሽኑ ሁለት የፍሎፒ ማስገቢያ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው «ኤ»፣ ሁለተኛው «ቢ» ተባለ። በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ሞዴል መጣ፤ መጠኑ 10 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ ቪዲዮ እንኳ አይበቃውም። «ኤ» እና «ቢ» ተይዘው ስለነበር ሃርድ ዲስኩ «ሲ» ሆነ። ፍሎፒው ከገበያ ጠፋ፤ «ሲ» ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

ያኔ ይህ አሠራር በቂ ነበር። ዲስኮቹ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ በብሎን ታስረዋል። ማን መጀመሪያ እንደሚገኝ ይታወቃል። ችግሩ የመጣው ዩኤስቢ ሲመጣ ነው። አሁን በየሰዓቱ የሚገባና የሚወጣ እንግዳ አለ። የወረፋው አሠራር ግን ያው የድሮው ነው።

ዊንዶውስ ጨርሶ አያስታውስም ማለት ነው?

ያስታውሳል። አንድ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ዊንዶውስ መለያውን አንብቦ የትኛውን ፊደል እንደሰጠው መዝገቡ ውስጥ ይጽፋል። በኋላ ያው ዲስክ ሲመለስ ያንኑ ፊደል ሊሰጠው ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንደሚሠራ የሚመስለን ለዚህ ነው። ወር ሙሉ «ኤፍ» ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ዊንዶውስ ደግሞ የተቀመጠን አያስነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ርካሽ ፍላሾች ከፋብሪካ ሲወጡ ሴሪያል ቁጥር፣ ማለትም ፋብሪካው የሚሰጠው መለያ፣ አይኖራቸውም። እንዲህ ዓይነቱን ፍላሽ ከግራ ቀዳዳ ነቅላችሁ ቀኝ ብትሰኩት ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ የመጣ ይመስለዋል። «እያዘጋጀሁ ነው» የሚል መልእክት በየቀዳዳው የምታዩት ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ሊኑክስስ?

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ፊደል አይሰጥም፤ ግን የራሱ ወረፋ አለው። የመጀመሪያው የተገኘ ዲስክ «ኤስዲኤ»፣ ሁለተኛው «ኤስዲቢ»፣ ሦስተኛው «ኤስዲሲ» እያለ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ቆሞ አይጠራም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጣራል፤ ቀድሞ «አቤት» ያለ ቀድሞ ይመዘገባል። ስለዚህ ፍላሽ ተሰክቶ ሳለ ኮምፒውተሩን ብታስነሱ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል። በሥራ ላይ ያለን ዲስክ በድንገት ነቅላችሁ መልሳችሁ ብትሰኩ ደግሞ አሮጌው ቁጥር ገና ስላልተለቀቀ «ኤስዲቢ» የነበረው «ኤስዲሲ» ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

በ2006 እና 2007 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው አስቸግሯል። በዚያን ጊዜ የሊኑክስ አዘጋጆች የውስጥ ሃርድ ዲስኮችን የሚይዘውን የፕሮግራሙን ክፍል ቀየሩ። «ኤችዲኤ» ይባል የነበረው ዲስክ በአንድ ማሻሻያ «ኤስዲኤ» ሆነ። በአሮጌው ስም የተጻፈ መመሪያ የነበራቸው ማሽኖች የራሳቸውን ዲስክ ማግኘት አቅቷቸው አልነሳም አሉ።

መድኃኒቱ ግን ቀድሞም ተጀምሮ ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዩዴቭ» የሚባል አገልጋይ ፕሮግራም አለ። ዲስክ በተሰካ ቁጥር ሄዶ ይጠይቀዋል፦ ስምህ ማን ነው? መታወቂያህስ? ማን ሠራህ? የተሰካኸው የት ቀዳዳ ላይ ነው? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ የማይለወጥ አቋራጭ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ «ኤስዲቢ» ሆነ «ኤስዲኤፍ» ግድ የለም። በስሙ ወይም በመታወቂያው ከጠራችሁት ይመጣል። ለእኔ ከሦስቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች (ከዊንዶውስ፣ ከሊኑክስና ከማክ) ይህን ጉዳይ በግልጽ ያስቀመጠው ሊኑክስ ነው። ምርጫውን በሙሉ ፊት ለፊት ዘርግቶ «በየቱ ልጥራው?» ብሎ ይጠይቃል።

ማክ የተሻለ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

በከፊል። ማክ ከመጀመሪያው ዲስኩን የሚጠራው በስሙ ነው። «ሠርግ» ብላችሁ ከሰየማችሁት «ቮሊውምስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ሠርግ» ሆኖ ይታያል። ወረፋው ከጀርባ አለ፤ ተራ ተጠቃሚ አያየውም።

ችግሩ ሞክሼ ሲመጣ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ዳዊት ካለ መምህሩ የአባት ስም ይጨምራል፤ ካልበቃ አያት ድረስ ይሄዳል። ማክ አባት የለውምና ቁጥር ይጨምራል። ሁለተኛው «ሠርግ» ከጀርባ «ሠርግ 1» ይሆናል። ዲስኩ በትክክል ሳይወጣ ተነቅሎ ባዶ ፎልደር ትቶ ከሄደም እንደዚሁ ነው፤ ያው ራሱ ዲስክ ሲመለስ ሞክሼ ያለ ይመስለውና «ሠርግ 1» ይሆናል። አሮጌውን አድራሻ የያዘው ፕሮግራም ባዶውን ፎልደር ይከፍታል።

ስልካችሁም ከዚህ ነገር አያመልጥም። አንድሮይድ ላይ የሜሞሪ ካርዱን አድራሻ ብታዩ በሰረዝ የተከፈሉ አራትና አራት ምልክቶች ታገኛላችሁ። እነዚያ የካርዱ መለያ ናቸው። ካርዱን ፎርማት ካደረጋችሁት ይቀየራሉ። «ካርዱ ያው ነው፤ አፑ ግን ፋይሌን አጣው» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ የማይለወጠው መለያ የቱ ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዋናው ነገር ይህ ነው።

ዲስኩን እንደ ቤት አስቡት። ቤቱ የቤት ቁጥር አለው። ውስጡ ደግሞ ተከራይ አለ፤ ተከራዩ የራሱ መታወቂያ አለው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቤቱ ቁጥር ፋብሪካው የሰጠው ሴሪያል ቁጥር ነው። ዲስኩን ብታጸዱት፣ ብትከፋፍሉት፣ ለሌላ ሰው ብትሸጡት አይለወጥም።

ተከራዩ ፋይል ሲስተሙ ነው። ፋይል ሲስተም ማለት ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት ነው። ዲስኩን ፎርማት ስታደርጉ የሚፈጠረው እሱ ነው። ሲፈጠር መታወቂያ ይሰጠዋል። ይህ መታወቂያ «ዩዩአይዲ» ይባላል። ሙሉው 128 ቢት ነው፤ ሲጻፍ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክት ይሆናል። በአጋጣሚ ከሌላ ዲስክ ጋር አንድ የመሆን ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል። አሮጌዎቹ ሥርዓቶች አጠር ያለ ይጠቀማሉ። ፍላሽ ላይ የምናውቀው ፋት 32 ያለው 8 ምልክት ብቻ ነው፤ እሱም ፎርማት ከተደረገበት ቀንና ሰዓት የሚወጣ ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ 16 ምልክት አለው።

ፎርማት ስታደርጉ አሮጌው ተከራይ ወጥቶ አዲስ ይገባል። ቤቱ ያው ነው፤ መታወቂያው ሌላ ነው። ይህን ከያዛችሁ መቼ በየቱ መጥራት እንዳለባችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ፋይሎቻችሁን የምትፈልጉ ከሆነ የምትፈልጉት ተከራዩን ነው፤ በዩዩአይዲ ወይም በስም ጥሩ። ዲስኩን ልታጸዱ ከሆነ ግን የምትፈልጉት ቤቱን ነው፤ በሴሪያል ቁጥሩ ጥሩ። ሊኑክስ ላይ የሴሪያሉ አቋራጭ የአምራቹን ስምና ሞዴሉንም ስለሚጽፍ በዓይን ይለያል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሃርድ ዲስክ የሚገባባቸው አንዳንድ የዩኤስቢ ሳጥኖች የዲስኩን ሳይሆን የራሳቸውን ሴሪያል ነው የሚናገሩት። ሁለት ዲስክ በአንድ ሳጥን እያፈራረቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሴሪያሉን አትመኑት።

ስም በአማርኛ ማውጣት ይቻላል?

ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ደስ ይለኛል። መልሱ በፋይል ሲስተሙ ይወሰናል።

ኤንቲኤፍኤስ እስከ 32 ፊደል ይቀበላል፤ አማርኛም ይችላል። ኤክስፋት 11 ፊደል ነው፤ እሱም አማርኛ ይችላል። ፋት 32 ላይ 11 ቦታ አለ፤ ግን ስሙን የሚጽፍበት የድሮ የፊደል ሰንጠረዥ የእኛን ፊደል አያውቀውም። የሊኑክሱ ኢኤክስቲ 4 ደግሞ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ 16 ባይት ይሰጣል። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲበላ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ የሚገባላችሁ 5 ፊደል ነው። «ሠርግ» ይገባል። «የሠርግ ቪዲዮ» አይገባም።

ዲስኩ በሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚዞር ከሆነ ምክሬ አጭር የላቲን ስም ነው፤ ያለ ክፍት ቦታ። ለቤት ብቻ ከሆነ በአማርኛ ሰይሙት፤ ያምራል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል? ፊደሉን አይቼ መክፈት አልችልም?

በእጃችሁ የምትከፍቱ ከሆነ ብዙም ችግር የለውም። አደጋው የሚመጣው እናንተ ሳታዩ አንድ ፕሮግራም በእናንተ ፋንታ ሲሠራ ነው።

ባክአፕን፣ ማለትም የፋይል መጠባበቂያ ቅጂን፣ እንውሰድ። ብዙ ቢሮ በየማታው ራሱ የሚነሳ ባክአፕ አለው። «ከዲ ያለውን ሁሉ ወደ ኤፍ ገልብጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። አንዳንዱ ባክአፕ ሁለቱን ቦታዎች እንደ መስታወት አንድ ዓይነት ያደርጋል። ይህ ማለት ምንጩ ላይ የሌለ ነገር መድረሻው ላይ ካገኘ ያጠፋዋል። መድረሻው የባክአፑ ዲስክ ሲሆን ልክ ነው። አሁን ግን ያን ዕለት ማታ «ኤፍ» ላይ የተቀመጠው የአንድ ሠራተኛ ኤክስተርናል ነው እንበል። የአምስት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ አለበት። ፕሮግራሙ አይጠይቅም። ፎቶዎቹ ምንጩ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ያጠፋቸዋል። ጠዋት «ባክአፑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ይጠብቃችኋል።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ዲስክ የሚገናኘው ከአንድ ባዶ ፎልደር ጋር ነው። ዲስኩ ሳይሰካ ባክአፑ ከተነሳ ፎልደሩ አሁንም አለ። ፕሮግራሙ እዚያው ይጽፋል። የሚሞላው ግን የውስጡ ዲስክ ነው። ከሳምንት በኋላ ማሽኑ ቦታ አጥቶ ይቆማል፤ ባክአፑም አንድ ቀን እንኳ ውጪ አልወጣም።

ከሁሉ የሚከፋው የተሳሳተ ዲስክ ማጽዳት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍላሽ ላይ ለመጫን «ኤስዲቢ» ላይ ጻፍ ብላችሁ ታዛላችሁ። ትናንት «ኤስዲቢ» ፍላሹ ነበር። ዛሬ ሃርድ ዲስኩ ነው። ይህ ስህተት መመለሻ የለውም። እባካችሁ ከመጫናችሁ በፊት መጠኑን እዩ። ፍላሻችሁ 16 ጊጋባይት ሆኖ ስክሪኑ ላይ 1 ቴራባይት ካያችሁ እጃችሁን አንሱ።

እሺ፣ ምን ላድርግ?

ዊንዶውስ ላይ የስታርት ምልክቱን በቀኝ ተጫኑና «ዲስክ ማኔጅመንት» ግቡ። የእናንተን ዲስክ በቀኝ ተጫኑ። «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ፊደል ስጡት። የትኛውን? ዊንዶውስ ለእንግዳ የሚሰጠው ከፊት ካሉት ክፍት ፊደላት ነው። የቢሮ ኔትዎርክ ድራይቮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ«ዜድ» ወደ ኋላ ይወርዳሉ። ስለዚህ መሐሉ ሰላማዊ ሰፈር ነው። ከ«ኤም» እስከ «ቲ» ካለው አንዱን ምረጡ። እዚያ ፍላሽ መጥቶ አይቀመጥም። ይህን በምትጠቀሙበት በእያንዳንዱ ኮምፒውተር መድገም አለባችሁ፤ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚጻፍ አትርሱ።

ፊደል ጨርሶ ካልፈለጋችሁም መንገድ አለ። እዚያው መስኮት ላይ ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ ካለ ባዶ ፎልደር ጋር ማገናኘት ይቻላል። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

ሊኑክስ ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኤፍ» አማራጩ ጋር ስጡ፤ ስሙንና ዩዩአይዲውን ያሳያችኋል። ዲስኮች የሚመዘገቡበት «ኤፍኤስታብ» የሚባል ፋይል አለ፤ «ኤስዲቢ» ከማለት ዩዩአይዲውን ጻፉበት። ለኤክስተርናል «ኖፌይል» የሚለውን ቃል መጨመር አትርሱ። ካልጨመራችሁ ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ማሽኑ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጠብቆት ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ይገባል።

ማክ ላይ ሥራው ያነሰ ነው። ለየዲስኩ የተለያየ ስም ስጡ። «አንታይትልድ» ወይም «ኖ ኔም» እንደተባለ አትተዉት። ሁልጊዜም አስወጥታችሁ ንቀሉ።

ለባክአፕ ደግሞ እኔ የምወደው አንድ ዘዴ አለ፤ የትም ይሠራል። ባክአፕ ዲስኩ ላይ አንዲት ባዶ ፋይል አስቀምጡ፤ «የባክአፕ ዲስክ ነኝ» በሏት። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ እሷን እንዲፈልግ አድርጉት። ካላገኛት ሥራውን አቁሞ ይጩህ። በበር ላይ የይለፍ ቃል እንደመጠየቅ ነው።

ዲስኩን ኮፒ ካደረግሁትስ? ሁለቱም አንድ መታወቂያ ይኖራቸዋል?

አዎ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው። ዲስክን ሙሉ በሙሉ፣ ቢት በቢት ስትገለብጡ መታወቂያውም አብሮ ይገለበጣል። ሁለት ሰው በአንድ መታወቂያ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስትሰኩ ዊንዶውስ የዲስኩ ፊርማ (ዲስኩን የሚለይበት ቁጥር) እንደተደገመ አይቶ አንዱን «ኦፍላይን» ያደርገዋል። አይታይም፤ ሰውም ተበላሽቷል ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። ሊኑክስ ላይ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ሁለተኛውን አላገናኝም ይላል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ዩዩአይዲውን ስትጠሩ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ስለዚህ ገልብጣችሁ እንደጨረሳችሁ አንዱን ንቀሉ፤ ወይም ለኮፒው አዲስ ዩዩአይዲ ስጡት። ጓደኛዬ አሁን ሁሉም ኤክስተርናሎቹ ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጥፎባቸዋል። የዲስኩ ስም፣ የተሰጠው ፊደል፣ የሴሪያሉ የመጨረሻ አራት ምልክቶች። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካው ደግሞ ለብቻው በተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው።